ዋስ ያልተጠራለት አደራ

እኛ ሰፈር፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የሚጣል እቁብ አለ። ብሩ ይህን ያህል አይደለም። ቡናውና ጨዋታው ግን ከብሩ ይበልጣል። ባለፈው ወር አንድ አዲስ ሰው ሊገባ መጣ። ሚኒባስ የሚነዳ፣ ቆፍጠን ያለ፣ ሰላምታ የሚያውቅ ወጣት ነው። ሁላችንም ወደድነው። የእቁቡ ዳኛ ግን መውደዳቸውን ሳይደብቁ፣

«ዋስ አለህ ልጄ?» አሉት።

«ስንት ሰው ነው የሚያስፈልገው?»

«ሁለት። አንደኛው ከእኛው ከአባላቱ፣ ሁለተኛው ቋሚ ሥራ ያለው።»

ጸሐፊው ደግሞ ከደብተሩ ቀና ሳይል፣ «የመታወቂያ ኮፒም እንዳትረሳ» ሲል ጨመረለት።

ልጁ ፊቱን አላጠቆረም። «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» ብሎም አልጠየቀም። «እሺ፣ በሚቀጥለው እሁድ ይዤ እቀርባለሁ» አለና ቡናውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ወጣ። እኛም ከወጣ በኋላ «ጨዋ ልጅ ነው» ተባባልን።

እዚያው ቤት፣ እዚያው ሰዓት፣ ቶናው እየተቀዳ ሳለ የቤቱ እመቤት ስለ ወንድማቸው ልጅ አነሱ።

«እናቷ ካረፈች በኋላ ከሰላሌ አምጥቻት ነበር። ታዲያ ይኸው ቤቴን እያያችሁት ነው፤ በዚህች ክፍል ስድስት ሆነን ነው የምናድረው። ደግነቱ የማኅበር ጓደኛዬ የምታውቃቸው አንዲት ሴትዮ ‹እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ፣ አስተምራታለሁ› ብለው ወሰዱልኝ። ቤታቸው ሲኤምሲ አካባቢ ነው አሉ። እግዜር ይስጣቸው።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አልኩ።

«11 ሞላት።»

«ቤታቸውን አይተውታል?»

«ኧረ መምህር! ልጅ ላሳድግ ያለን ሰው ቤትዎን ያሳዩኝ ይባላል? ነውር አይደለም እንዴ?»

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። «እውነት ነው፣ ነውር ነው» አልን። እኔም ጭምር።

ነገሩ የቆረቆረኝ ማታ ነው። ጎኔን ካሳረፍኩ በኋላ የቀኑን ውሎ ሳሰላስል ሁለቱ ወሬዎች ጎን ለጎን መጡብኝ። ለሳምንት መዋጮ ሁለት ዋስና የመታወቂያ ኮፒ። ለ11 ዓመት ልጅ «እግዜር ይስጣቸው»። ብር ስናስይዝ መጠየቅ ደንብ ሲሆን፣ ልጅ ስናስይዝ መጠየቅ ነውር የሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

አደራ በእኛ ዘንድ ከባድ ቃል ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እንላለን። አደራ በላ ከመባል የከፋ ስድብ ብዙ የለንም። የሚሞት ሰው ልጁን በአደራ ይሰጣል፤ መንገደኛ ቤቱን ለጎረቤት በአደራ ይተዋል። ሀገር የቆመው በፖሊስ ብቻ ሳይሆን በዚህም ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንግዲህ ችግሩ ቃሉ አይደለም። ችግሩ አደራ ስንሰጥ እኛ ምን እንደምንሆን ነው። «አምኜ ሰጠሁ» ስንል ብዙውን ጊዜ «ተገላገልኩ» ማለታችን ነው። ሸክሙን ከጀርባችን አውርደን በሌላው ጀርባ ላይ ስንጭን፣ ያ ሰው መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርገው ዞረን ማየት አንፈልግም። ዞሮ ማየት ሸክሙን መልሶ መካፈል ነውና።

ይህንን ለሌላው ለመስበክ የምቸኩል እንዳይመስላችሁ። የራሴ ዕዳ አለብኝ።

ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ጉለሌ ውስጥ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ስሙን አልጠራም። ቀጨኔ ያለውን የመንግሥት የሴት ሕፃናት ማሳደጊያ ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። ይኼኛው በአንድ ግለሰብ የሚመራ ትንሽ ግቢ ነበር፤ ዛሬ የለም። ለገና ተማሪዎቼን አስከትዬ ልብስና መጻሕፍት ይዘን ሄድን። ከዚያ በኋላ እኔ ለብቻዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ ተረት ላነብ መመላለስ ጀመርኩ። የግቢው ኃላፊ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ከጎዳና ያነሷቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሻይ ያስቀርባሉ፣ ልጆቹን አሰልፈው መዝሙር ያዘምራሉ። ሰፈሩ በእሳቸው ይምላል።

አንድ ልጅ ነበር፣ ቢበዛ 10 ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ቅዳሜ ተረቱን ጨርሰን ልወጣ ስል እስከ በሩ ሸኘኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምን እዚህ አያድሩም?»

«ቤቴ እኮ ቅርብ ነው፣ ሽሮ ሜዳ።»

«አንድ ቀን ብቻ። ማታ።»

ሳቅሁ። ራሱን ዳበስኩና «ደግሞ ሌላ ጊዜ» ብዬው ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ልጁ «ይምጡ» አላለም፤ «ይደሩ» ነው ያለው። ቀን የሚመጣ እንግዳ ሞልቶለታል። የጎደለው ማታ የሚያድር ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አየሁት። ኃላፊው በክፍሉ ሲያልፉ ዓይኑን ከመጽሐፉ ላይ ነቅሎ መሬት ላይ ተከለ። ይህ ማስረጃ አይደለም። ልጅ የሚያከብረውን ሰው ቀና ብሎ አያይም፤ እኛም እንዲያ ሆነን ነው ያደግነው። ምናልባት ጨለማ ፈርቶ ይሆናል፤ ምናልባት ቅዠት ያስቸግረዋል። ምናልባት ደግሞ አይደለም። ልጁን ለብቻው አስቀምጬ «ማታ ምን አለ?» ብዬ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ነገር ነበር። አልጠየቅሁም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬን ግን አማከርኩት። መልሱን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፦ «የተራበ በሚያበላ ሰው ላይ አፍህን አትክፈት። ደግሞስ ቤቱ ቢዘጋ እነዚህ ሁሉ ልጆች የት ይውደቁ? አንተ ታኖራቸዋለህ?» ዝም አልኩ። ጥቂት ወራት ተመላለስኩና ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ። በኋላ ቤቱ ገንዘብ አጥሮት ተዘጋ፤ ልጆቹም ተበተኑ። ያ ልጅ ምን ሊነግረኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አላውቅም የምለው ስለተሰወረብኝ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

የሚያሳፍረው፣ በዚያው ዘመን ክፍል ውስጥ ቻርልስ ዲከንስን አስተምር ነበር። «ኦሊቨር ትዊስት» እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በየወሩ በመጽሔት የወጣ ልብ ወለድ ነው፤ ወላጅ አልባው ልጅ ገንፎ ይጨመርልኝ በማለቱ ብቻ የደረሰበትን ስንተርክ ተማሪዎቼ በማሳደጊያው ሹሞች ላይ ጥርሳቸውን ያፋጩ ነበር። እኔም አብሬ አፋጭ ነበር። 170 ዓመት ገደማ ወደኋላ ሄጄ በእንግሊዝ ሀገር ለአንድ ልብ ወለድ ልጅ ጠበቃ ስቆም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እጄን ይዞ እስከ በር የሚሸኘኝን ልጅ ግን አልሰማሁትም።

የባልደረባዬ ጥያቄ ግን የዋዛ አልነበረም። እስቲ በትልቁ እንየው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎ እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ብዙ ሺህ ሕፃናት ያለ ወላጅ ቀሩ። ከነዚህ የተወሰኑት መቀመጫውን ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ ያደረገው ቴር ዴ ዞም የተባለ የእርዳታ ድርጅት በጃሪ በከፈተው የሕፃናት መንደር ተሰበሰቡ። እህል አገኙ፣ መጠለያ አገኙ፣ ፊደል ቆጠሩ። ይህ እውነት ነው፤ ሊካድም አይገባም። በዚያው መንደር ግን ኃላፊ ሆኖ የሠራ ዴቪድ ክሪስቲ የተባለ እንግሊዛዊ በአደራ የተሰጡትን ወንዶች ልጆች ይደፍር ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የዘጠኝ ዓመት እስራት በየነበት። ጉዳዩ እንዲወጣ የታገሉና ድርጅቱን በይፋ የወቀሱ ሰዎች ደግሞ በተራቸው በስም ማጥፋት ተከሰው ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል።

እስቲ የእነዚያን ልጆች ቦታ ያዙልኝ። ከሞት ያወጣህ ቤት ነው። የምትበላው ከእሱ ነው፤ የምትለብሰው ከእሱ ነው። ለማን ትናገራለህ? ምን ብለህ ትናገራለህ? «ያጎረሰ እጁን ተነከሰ» ሊሉህ ተዘጋጅተው የሚጠብቁህ ብዙ ናቸው። ከሁሉም የሚብሰው፣ አንተ ራስህ ለራስህ ይህንኑ ትላለህ።

ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ መልካም ሥራ ያለመጠየቅ መብት ይገዛል ወይ?

ብዙዎቻችን «አይገዛም» ብለን በአፋችን እንመልሳለን። በተግባር ግን ስንሸጠው እንኖራለን። ዝምታችን ሦስት ምክንያቶች አሉት፤ ሦስቱንም አንድ በአንድ ልያቸው፤ ምክንያቱም ሦስቱንም እኔ ተጠቅሜባቸዋለሁ።

አንደኛው ነውር ነው። «ሰው እንዴት ይጠረጠራል?» እንላለን። ወደ እቁባችን ልመልሳችሁ። ዳኛው ለብቻቸው፣ ጸሐፊው ለብቻው የሆኑት፣ ደብተሩም በሁሉም ፊት የሚነበበው አባላቱ ሌቦች ስለሆኑ ነውን? አይደለም። እንዲያውም ስለሚተማመኑ ነው እቁብ የገቡት። ደንቡ እምነቱን የሚጠብቅ አጥር ነው። ያ ሾፌር ዋስ ሲጠየቅ ያልተቀየመው ሁሉም እንደሚጠየቅ ስለሚያውቅ ነው። ጥያቄ ስድብ የሚሆነው አንዱ ብቻ ተነጥሎ ሲጠየቅ ነው። ልጅ የሚረከብ ሁሉ የሚጠየቅ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተሰደበ። አሁን ግን ማንም ስለማይጠየቅ የመጀመሪያው ጠያቂ ባለጌ ይባላል፤ ባለጌ ላለመባልም ሁላችንም እንጠብቃለን። ክፉ ልብ ያለው ሰው ደግሞ ይህንን ከእኛ በላይ ያውቃል። እሱ የሚፈልገው መጠየቅ ነውር የሆነበትን ቤት ነው።

ሁለተኛው ውለታ ነው። ውለታ የሚያውቅ ሕዝብ ነን፤ ይህ ጌጣችን ነው። ግን ውለታውን የሚከፍለው ማን ነው? እኛ ጎብኚዎቹ፣ ሰፈርተኞቹ፣ ዘመዶቹ በደጉ ሰው ፊት የተሰማንን ምስጋና በልጁ ዝምታ ነው የምንከፍለው። የእኛን ዕዳ ልጁ ይከፍላል። ዳቦ ተሰጥቶት ገላውን ወይም እንቅልፉን የተወሰደበት ልጅ ውለታ አልተዋለለትም፤ ተሸጧል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚል ተረት ያለን ሰዎች፣ ፍትፍቱን ቆጥረን የልጁን ፊት ሳናይ መመለሳችን ይገርማል።

ሦስተኛው የባልደረባዬ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። «ቤቱ ቢዘጋ የት ይውደቁ?» ይህ ክርክር ሰዎችን ለረጅም ዘመን በብዙ ሀገር ዝም አሰኝቷል። አየርላንድ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ማኅበራት ይተዳደሩ በነበሩ የሕፃናት ተቋማት ላይ ለዘጠኝ ዓመታት የተደረገው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2009 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ በተለይ በወንዶቹ ተቋማት ወሲባዊ ጥቃት ሥር የሰደደ እንደነበር አረጋገጠ። የሚያውቁ ነበሩ። የተቋሙን ስም ለማዳን ሲሉ በዳዩን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት አዛወሩት እንጂ ልጆቹን አላዳኑም። እንግዲህ እኔ ለባልደረባዬ ዛሬ የምመልስለት ይህንን ነው፦ የተጠየቀ ቤት ሁሉ አይዘጋም። ስንጠይቅ የሚዘጋ ቤት ካለ፣ ቀድሞውኑ የቆመው በዝምታ ነበር ማለት ነው። መልካሙ ቤት ግን ተጠይቆ ይጠነክራል። በ2002 ዓ.ም. የተጀመረውን መቄዶንያን የመሰለ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በኪሱ ሳንቲም የሚደግፍ ሕዝብ ርኅራኄ አይጎድለውም። ጥያቄ ቢጨምርበት ርኅራኄው አይቀንስም።

ደግሞ ነገሩ ትልቅ በርና የስም ሰሌዳ ባላቸው ግቢዎች ብቻ የሚወሰን አይደለም። እኛው ሰፈር እንምጣ። ሽሮ ሜዳ በሸማ ታውቃለች። ለበዓል የምንለብሰው ጥበብ የሚሠራው ከጋሞ ደጋ በመጡ ሸማኔዎች እጅ ነው፤ የተከበረ ሙያ፣ የተከበረ ሕዝብ። ነገር ግን በዚሁ በጉለሌ «አስተምርልሃለሁ» ተብለው ከወላጆቻቸው የተወሰዱ ሕፃናት፣ የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ ከንጋት እስከ ሌሊት ከመሸመኛው ጉድጓድ እንደማይወጡ ስንት ዘመን ስንሰማ ኖረናል? አባትየው ቸንቻ ሆኖ «ልጄ አዲስ አበባ ይማራል» ይላል። እሱም አምኖ ሰጥቷል። የወሰደው ሰው ዘመድ ነው፤ ዘመድ አይጠየቅማ!

ባሕር የተሻገረም አለ። ሐና የምትባል ልጃችን በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደች። በዚያን ጊዜ ልጅ ፈረንጅ ሀገር ሄደ ማለት ዳነ ማለት ነበር። በግንቦት 2003 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት፣ በአሳዳጊዎቿ ቤት ጓሮ፣ በብርድና በረሃብ ተጎድታ ሞተች። የዚያ ሀገር ፍርድ ቤት በ2006 ዓ.ም. አሳዳጊ እናቷን ወደ 37 ዓመት፣ አሳዳጊ አባቷን ወደ 28 ዓመት በሚጠጋ እስራት ቀጣ። የእኛ ምክር ቤት ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ከለከለ። ክልከላው በሩን ዘጋ እንጂ ጥያቄውን አልመለሰም። ሐና የሞተችው ከሀገር ስለወጣች ብቻ አይደለም። ማታ ማታ የት እንደምትተኛ ገብቶ የሚያይ ሰው ስላልነበራት ጭምር ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲኤምሲም ያስፈልጋል፣ ሽሮ ሜዳም ያስፈልጋል።

ልጆች ብቻም አይደሉም። ወደ እንጦጦ ጠበል በጠዋት የሚወጣ ሰው፣ እጅ እግራቸው በሰንሰለት ታስሮ በአስታማሚ የሚመሩ የአእምሮ ሕሙማንን ያያል። ዘመድ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ቸግሮት ነው። ብዙ አስታማሚም እንቅልፉን አጥቶ የሚያገለግል ነው። ግን አንዱ ታማሚ «ሌሊት ይመታኛል» ቢል ማን ያምነዋል? «በሽታው ነው የሚያናግረው» ይባላል። አቅመ ደካማዋ አሮጊት «ምግቤን ይቀሙኛል» ብትል «ጃጅታለች» ትባላለች። ልጁ ቢናገር «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። አያችሁ? ጠባቂ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሁሉ ቃላቸው አስቀድሞ የተሰረዘባቸው ናቸው። እንዲጠበቁ ያደረጋቸው ድካም፣ እንዳይታመኑም ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በእነሱ ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው የሚመካው በጉልበቱ አይደለም፤ እኛ እንደማናምናቸው በማወቁ ነው።

«ሕግ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በእጁ ያለውን ልጅ የሚያንገላታውን ይቀጣል፤ በሕፃናት ላይ በሚፈጸም ወሲባዊ ወንጀልም ተበዳዩ በአደራ የተሰጠው ልጅ፣ ተማሪው ወይም የቤት ሠራተኛው ሲሆን ቅጣቱን ያከብዳል። ፍርድ ቤት ገብቶ የመናገሩ ፈተናም ታስቦበታል፤ በአዲስ አበባ ሕፃኑ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያይ፣ በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ የሚመሰክርበት ችሎት ተቋቁሟል።

አንድ ክፍተት ግን ልንገራችሁ። ወንጀልን አለማስታወቅን የሚቀጣው አንቀጽ 443 የሚናገረው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። ከዚያ በታች ባለው፣ ማለትም በአብዛኛው ድብደባ፣ ማስራብና ማንገላታት፣ ሰምቶ ዝም ያለውን ተራ ሰው በዚህ አንቀጽ የሚጠይቀው የለም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልን ስንተኛ በሕግ ፊት ነጻ ነን። እኔም ነጻ ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ በነጻነቴ እንቅልፍ ሲነሳኝ ኖሯል።

ስለዚህ ሕጉ የማይደርስበትን የእቁብ ደንብ ይድረስበት እላለሁ። የእቁቡ ደንብ እኮ ጥበብ የለውም፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ደብተር፣ ግልጽ ስብሰባ ነው። ልጅ ወይም ደካማ ሰው በሚጠበቅበት ቤትም ይኸው ይበቃል። አንድ ጎልማሳ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ በር ብቻውን አይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ ከግቢው ውጪ የሆነ፣ ከግቢው ደሞዝ የማይበላ፣ ስሙንና ስልኩን የሚያውቀው አንድ ሰው ይኑረው። ይህ ሰው በበዓል ቀን ብቻ ሳይሆን ባልታሰበ ቀን ይምጣ፤ ልጁንም ለብቻው ያናግረው። ልጁ የተናገረው በተናገረበት ቀን፣ በተናገረበት ቃል ይጻፍ። የጻፈችው ሞግዚት ወይም ጥበቃው ከሥራ እንዳይባረሩ ቤቱ አስቀድሞ ቃል ይግባ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ይሉኝታን ለአንድ ሰዓት ደጅ ማቆየት ነው።

በመዝሙርና በሻይ የምንቀበል ጎብኚዎችም አለን። የገና ጎብኚ፣ የፋሲካ ጎብኚ። ፎቶ ተነስተን፣ ሙዝና ብስኩት አከፋፍለን፣ ዓይናችን እንባ አቅርሮ እንመለሳለን። አይከፋም። ግን ከእንባው በፊት አንዲት ጥያቄ እንልመድ፦ «ማታ ማን ነው አብሯችሁ የሚያድረው?»

ባለፈው እሁድ ሾፌሩ ሁለት ዋሶቹን ይዞ መጣ፤ ተመዘገበ፤ ቡና ጠጣን። ሰው ሲበተን እኔ ቀረሁና ለቤቱ እመቤት የሆዴን ነገርኳቸው። ስለዚያ ልጅም ነገርኳቸው። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ተቆጡኝ። «ሴትዮዋን ሌባ ልታስመስሏቸው ነው እንዴ?» አሉ። ቀጥለው ዝም አሉ። ቀጥለው ነጠላቸውን አነሱ።

«በሉ ይነሱ መምህር፤ አብረን እንሂድ።»

ሁለት ታክሲ ለውጠን ሄድን። ሴትዮዋ በሩን ራሳቸው ከፈቱልን። ደህና ሴት ናቸው፤ ምሳ ካልበላችሁ ብለው አስጨነቁን። ልጅቷን ለብቻዋ ማናገር እንፈልጋለን ሲባሉ ግን ፊታቸው ቅይር አለ።

«ምነው? አላመናችሁኝም?»

እኔ እንደ ልማዴ መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። አክስትየው ግን ረጋ ብለው፣ «እምነትማ አለ እመቤቴ፤ የጎደለው ዋስ ነው። እኔ ነኝ የልጅቷ ዋስ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣሁ አያታለሁ» አሏቸው።

ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡ። «ይሁን፣ ይህስ አይከፋም» አሉ በመጨረሻ። አክስትና ልጅ ጓሮ ወጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ እኔ አልጠየቅሁም፤ የእነሱ ነው። ስንመለስ ልጅቷ እስከ በር ሸኘችን። በሩ ላይ ቆማ አክስቷን፣ «በአሥራ አምስት ቀን ይመጣሉ አይደል?» አለቻቸው።

«እመጣለሁ።»

«ማታም ቢሆን?»

እንዲሁ የልጅ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ላይሆን ይችላል። አክስትየው ግን እንደ እኔ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይኗን እያዩ «ማታም ቢሆን» አሏት፤ በሚቀጥለው ሳምንትም፣ አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ፣ አንድ ማታ ሄደው እዚያው አደሩ።